ዕድሜያቸው ያልታወቀ ልጆች

ሰኞ

ለትግል ሜዳ ወጥተው ያልተመለሱት ልጆች አማካይ ዕድሜ ከእናቶቻቸው በለጠ። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ያው ነው። ቅጾቹን ስገልጥ ነገሩ ገባኝ፤ መዝጋቢዎቹ ያልታወቀውን ዕድሜ ሁሉ 99 ብለውታል። ዕድሜውን እንዲያሰላ ኮምፒውተሩ ላይ የጻፍኩት ፈንክሽን ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ይውጣል። ጥፋቱ የኔ ነው። ከማስላቱ በፊት መፈተሽ አለበት፦ ቁጥር ነው? አንድ ብቻ ነው? ከዜሮ አያንስም? ከልክ አያልፍም?

እማዬ ያስጻፈችው ደብዳቤ ከአዲስ አበባ መጣ። ያው ጥያቄ፤ «ወንድምሽን አገኘሽው?»

ማክሰኞ

ፍተሻው ሠራ። ዕድሜው ልክ ያልሆነ ቅጽ ሲያገኝ ቆሞ የቅጹን ቁጥር ይነግረኛል። ከአስመራ አጠገብ ካለችው መንደር ከዓዲ ጓዕዳድ የመጣ አንድ ቅጽ ላይ፣ በዕድሜው ቦታ «ክመጽእ እዩ» ተብሏል። በትግርኛ ይመጣል ማለት ነው። እናቱ አደይ ለተንስኤ (እማማ ለተንስኤ እንደማለት)፣ ልጁ ሀብቶም።

የስታቲስቲክስ ክፍላችን ኃላፊ አቶ ተስፋልደት እንዲህ ያሉትን ሰርዤ ሪፖርቱን እንዳደርስ ነገሩኝ። እሺ አልኩ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ዮናስም ከአዲስ አበባ ጠፍቶ ሜዳ የወጣ ነው። ኤርትራ ነጻ ከወጣች ሦስተኛ ዓመት ያዝን፤ ከተመለሱትም ከሞቱትም መሐል ስሙ የለም። አስመራ ሥራ ይዤ የመጣሁት እሱን ብዬ ነው። ለእማዬ ግን «እያጠያየቅኩ ነው» ከማለት ሌላ ጽፌላት አላውቅም።

ረቡዕ

ፈቃድ ጠይቄ ዓዲ ጓዕዳድ ሄድኩ። አደይ ለተንስኤ ሻሂ አቀረቡልኝ። ቅጹን ሳወጣ የልጃቸው ስም የቱ ጋ እንዳለ ጠይቀው በጣታቸው ዳሰሱት። ለካ መዝጋቢው ልጃቸው የት እንዳለ ሲጠይቃቸው ነው «ክመጽእ እዩ» ያሉት። ዕድሜውን የጠየቃቸው የለም።

«ያለበትን ነው እንጂ የማላውቀው፣ ዕድሜውንማ የወለድኩት እኔ!» አሉኝ። ሃያ ስምንት። ወሩን ሳይቀር ነገሩኝ።

እኔስ ማንን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። ስለ ዮናስ ነገርኳቸው፤ ሲወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር አልኩ።

«አሁንሳ?»

ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ በዚያው በሄደበት ዕድሜው ነው የማየው። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆጠርኩ፤ ስምንት ዓመት። ሃያ ሰባት ሆኖታል። ጢም አውጥቶ ይሆን? መንገድ ላይ ባገኘው እለየው ይሆን? ፌርማታዬን አልፌ ገጀረት የሚባለው ሰፈር ወረድኩ፤ በእግሬ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ፈንክሽኑን አስተካከልኩ። 99ን አይቀበልም። በእርግጥ ያልታወቀውን ግን ባዶ አድርጎ ይይዘዋል፤ አማካዩ ውስጥ አይገባም፣ ስሙም ከዝርዝሩ አይወጣም። ሀብቶምን በሃያ ስምንቱ አስገባሁት።

አቶ ተስፋልደት ይቆጣሉ ብዬ ነበር። አደይ ለተንስኤ ያሉኝን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ሪፖርቱ ይቆይ። የቀሩትንም እናቶች ጠይቂ» አሉኝ። አንድ ሳምንት ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ለእማዬ ጻፍኩ። እስካሁን እንዳላገኘሁት፣ ያየው ሰውም እንዳላገኘሁ፣ መፈለጌን ግን እንደማልተው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ከጣልኩት በኋላ እጄን ሰድጄ ላወጣው ቃጣኝ። እዚያ ማን ያነብላት ይሆን? ከሰማችው በኋላ ብቻዋን ባትሆን።