ንጉሡ ሠ ያልገባው ድረ ገጽ

ለተከበሩ የአዲሱ የይዞታ ምዝገባ ድረ ገጽ ዋና አስተባባሪ፤
አርባ ምንጭ

ጤናዎ እንደ ድረ ገጽዎ ያማረ፣ ዕድሜዎም እርሱ እስኪከፈት እንደሚፈጀው ጊዜ የረዘመ እንዲሆን እየተመኘሁ በትሕትና እጅ እነሳለሁ። እኔ የሟች ወልደሥላሴ ሚስት በለጥሽ ነኝ፤ ላንቴ ቀበሌ ባለቤቴ የተወልኝ የሙዝ ማሳ አለኝ። ማሳውን እስከ ሰኔ ሠላሳ ወደ ስሜ ካላዞርኩ «ባለቤት ያልቀረበለት» ተብሎ እንደሚመዘገብ ከማስታወቂያዎ አንብቤያለሁ። ስለ ማስታወቂያው ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከሥራዎ ሁሉ ሳልጠብቅ ያነበብኩት እርሱን ብቻ ነው፤ ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ይመስለኛል።

አቤቱታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ድረ ገጽዎ ሲከፈት በተንቀሳቃሽ ምስል ጫሞ ሐይቅ ላይ አንድ አዞ አፉን ይከፍታል። እስካሁን ሲዘጋው አላየሁም፤ ስልኬ እዚያ ላይ ይቆማል። ኔትወርክ ይሻላል ስለተባልኩ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ላይኛው ሴቻ ድረስ ወጥቼ ሞክሬያለሁ፤ አዞው እዚያም አፉን እንደከፈተ ነው። የላንቴ ገበሬ አዞ አይቶ አያውቅም ብለው ይህን ያህል ስለደከሙልን እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ቀንቶኝ አዞውን አለፍኩና የባለቤቴን ስም ጻፍኩ። «አልተገኘም» አለኝ። ስሙ መታወቂያውና የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ በንጉሡ ሠ፣ የይዞታ ደብተሩ ላይ ደግሞ በእሳቱ ሰ ስለተጻፈ፣ ድረ ገጽዎ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ፈርዷል። ለማሳረም ወደ ቢሮዎ መስኮት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያሉት አቶ ዘካሪያስ፣ ሰው አክባሪ ናቸው፣ «እማማ፣ እርማት በኦንላይን ብቻ ነው» አሉኝ። በኦንላይን እርማት ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ ስሙ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘ «በአካል ቀርበው ያመልክቱ» ይላል። እነሆ ከግንቦት ጀምሮ ከመስኮቱ ወደ ስልኬ፣ ከስልኬ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። መውጫ የሌለው ቤት ሠርተው በክብር ስላስገቡኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ከዚህ በፊት የሚሠራ ገጽ ነበረን። የሠራችው ከቢሮዎ ያሰናበቷት ባለሙያ ባርኮት ናት። ስም የሚጻፍበት አንድ ባዶ ሣጥን፣ አንድ ቁልፍ፣ ከሥሩ ስሞች፤ በቃ። በእኔ አሮጌ ስልክ እንኳ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ይከፈት ነበር። «ድሃ ይመስላል» ተብሎ መነሳቱን ስሰማ ባርኮትን ጠየቅኳት፤ መጽሐፏንም ተውሼ አነበብኩ። ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉን ከባዶ እንዳይጀምሩ፣ ፍሬምወርክ የሚሉት አስቀድሞ የተዘጋጀ ምሰሶና ማገር አላቸው። ትልቁን ያዘዘ ሰው አንዲት ክፍል ሊሠራ የፎቅ ዕቃ ሁሉ ይራገፍበታል፤ ትንሹ ግን የጠየቁትን ብቻ ሰጥቶ የቀረውን ለሠሪው ይተዋል። የባርኮት ሥራ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀን ተነብቦ ያልቅ ስለነበር፣ ሠ እና ሰ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ የቱ ጋ ምን መጨመር እንዳለባት ታውቅ ነበር፤ ጨምራውም ነበር። የእርስዎን ግን የት እንደሚታረም የሚያውቅ እንደሌለ፣ ሠሪዎቹም መንካት እንደሚፈሩ አቶ ዘካሪያስ ነግረውኛል። ማንም አንብቦ የማይጨርሰውን ማን ያርመዋል?

አራተኛው አቤቱታ በራሴ ላይ ነው። ያንን እሳቱን ሰ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ብቻዬን ነው። የይዞታው ቅጽ ሲመጣ የቀበሌው ጸሐፊ ልሙላላችሁ ቢል እምቢ ብዬ በሰው ፊት ሞላሁት። ባለቤቴ አየና አባቱ ያስተማሩት በንጉሡ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ማንበብ አትችልም እንዳልባል ፈርቼ፣ ድምፁ አንድ ነው ብዬ ተቆጣሁት። እርሱም ለእኔ ክብር ሲል ወረቀቱን ሳያርም አጣጥፎ ለጸሐፊው ሰጠ፤ እስኪሞት አላነሳብኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ያቺን ፊደል ባየሁ ቁጥር ግን ታቃጥለኛለች። እርሱ በሕይወት ሳለ ማሳረም ስችል አፈርኩ፤ አሁን እፍረቴን ትቼ ስመጣ የሚያርም ጠፋ።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነው። አዞው ይኑርልን። ከጎኑ ግን የባርኮትን ባዶ ሣጥን ይመልሱልን፤ ይህም ክብርዎን የሚነካ ከሆነ፣ እስክሪብቶ የያዘ አንድ ሰው መስኮቱ ላይ ያስቀምጡልን።

ገጽዎ እስኪከፈት በሚተርፈኝ ሰፊ ጊዜ ስለ እርስዎ መጸለይን የማላቋርጥ፣
በአንዱ መዝገብዎ ሚስት፣ በሌላው ባዳ የሆንኩ አክባሪዎ፣
በለጥሽ፣ ከሲቀላ

ማስታወሻ፦ ሁለቱ ወልደሥላሴዎች የተለያዩ ሰዎች ናቸው በሚለው ፍርድዎ ከጸኑ አልከራከርዎትም። አንደኛውን እኔ ራሴ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛው በሕይወት ካለ ግን እባክዎ ወደ ላንቴ ይላኩልኝ፤ ሙዙ ለቆረጣ ደርሷል፤ እኔም ይቅርታ የምጠይቀው ነገር አለኝ።