መንጋጋዬ የገጠመ ሰሞን

ጥቅምት 6
ዘግይታ የበቀለችው የመጨረሻዋ መንጋጋ ጥርስ ዛሬ ተነቀለች። ሐኪሙ እየታገለ፣ እኔ ወንበሩን ጨብጬ... «በረዶ ያዢበት፣ ለስላሳ ምግብ ብዪ» አለ። ቤት ስገባ እማዬ ሳቀችብኝ። «ጉንጭሽ ውስጥ ሎሚ ደበቅሽ እንዴ?» መስማት ካቆመች ወዲህ ወሬ የምትለቅመው ከከንፈሬ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፣ ጽፎ ማሳየት የለም። በጣቴ ጥርሴን አሳየኋት። ገባት።

ጥቅምት 10
እብጠቱ ጎደለ፣ አፌ ግን አልከፈት አለ። ማንኪያ እንኳ በግድ። ሐኪሙ በስልክ፣ «ጡንቻው ተቆጥቶ ነው፣ ይለቃል። ሙቅ ጨርቅ አድርጊበት።» መቼ ነው የሚለቀው? ማስታገሻው ሆዴን አቃጠለው እንጂ ሕመሙን ንቅንቅ አላደረገውም።
እማዬን «መድኃኒትሽን ውሰጂ» አልኳት። አፌን ትክ ብላ አይታ፣ «ምን?» ደገምኩ። «ምን?» ስደጋግም ሕመሙ ፊቴን አጨማደደው። ፊቷን አዞረች።

ጥቅምት 15
አሁንም አፌ ውስጥ ከአንድ ጣት በላይ አይገባም። ሙቅ ጨው ውኃ፣ ከዚያ መንጋጋን በአውራ ጣት ወደ ታች መግፋት። እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል።
ወንድሜ ደወለ። «አፍሽ ተዘጋ አሉ፣ ተገላገልን!» ጥርሴን እንደገጠምኩ ተሳሳቅን። እሱ በጆሮው ይሰማኛላ። ቀና ስል እማዬ በር ላይ ቆማለች።
«እኔ እንዳላይ ነው አፍሽን የምትገጥሚው?»
«ጥርሴ ነው፣ እማዬ...» ግን ምኑ ይነበባል? ጉንጬን አሳየኋት።
«እኔም ጥርስ አስነቅያለሁ። በማግስቱ ገበያ ወጥቻለሁ። ከሰለቸሁሽ ንገሪኝ።»
አቀፍኳት። እንጨት ሆነችብኝ።

ጥቅምት 19
ሄደች። ጎረቤታችንን ለምና ወንድሜ ጋ አስደወለች፣ መጥቶ ወሰዳት። «የእውነት አሟት ነው» ቢላት፣ «አንተም አታባብለኝ» አለችው። ቤቱ ጭር አለ። ምን ብዬ ላስቀራት? በምን አፌ?

ኅዳር 2
ዛሬ ሦስት ጣት ገባ። ሐኪሙ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። በቀጥታ ወንድሜ ቤት። እማዬ መስኮት ሥር ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ተንበርክኬ፣ አፌን ከፍቼ፣ ቀስ እያልኩ፣ «ጥርሴ ነበር። አልሰለቸሽኝም። ቤትሽ ነይ» አልኳት። አንድም ቃል አላመለጣትም፤ ከንፈሯ ከከንፈሬ ጋር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።
«አሁን ተከፈተ?» አለች።
«ተከፈተ፣ እማዬ! እዪው...»
ዓይኗን ጨፈነችብኝ። እኔ ገና እያወራሁ ነበር።