የዶሮ ቤቱ አረንጓዴ መብራት

ውድ ወንድሜ ለሊሳ፣

እዚህ ሀና ማርያም ሰፈር ሁላችንም አለን። ደህና ነን እንዳልልህ ግን እኔ ደክሞኛል፣ አባዬም ደህና አይደለም። በስልክ እንዳልነግርህ አጠገቤ ቁጭ ብሎ "ሰላም ነን በይው" እያለ በዓይኑ ይቆጣጠረኛል። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ነው።

ያ ከኮሪያ የላክህልን፣ እንደ ወረቀት የሚተጣጠፈው የአሞንያ ጠቋሚህ ዶሮ ቤቱ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ማሞቂያ አያስፈልገውም፣ በቤቱ ሙቀት ይሠራል፣ አየሩ ሲከፋ ቀይ ይበራል ብለህ አስረድተኸን ነበር። አባዬ ጎረቤቱን ሁሉ እየጎተተ "የልጄ ሥራ ነው" ሲል ከረመ። በደወልክ ቁጥር "አረንጓዴ ነው" እንልሃለን፤ አንተም ደስ ብሎህ ለፕሮፌሰርህ ትነግራለህ።

ለሊሳ፣ አረንጓዴው ውሸት ነው።

ክረምቱ ሲገባ አባዬ ጫጩቶቹን እንዳይበርዳቸው ብሎ መስኮቶቹን በሸራ ደፈናቸው። እርጥቡ ሰጋቱራ ከኩሱ ጋር ቦክቶ አሞንያው ገና ከበሩ ዓይን ያቃጥላል። እሱ ለምዶት አይሸተውም፤ ሳሉ ግን ደረቱን ሊቀደው ነው። ሐኪሟ ዶሮ ቤት ድርሽ እንዳትል ብላዋለች። እኔም አፌ እስኪደርቅ ተናገርኩ። መልሱ አንድ ነው፦ "የለሊሳ መብራት አረንጓዴ ነው፤ አንቺ ከእሱ ልትበልጪ ነው?" በቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ቅዳሜ ሰጋቱራ ልቀይር ገብቼ ጠቋሚህን ጠጋ ብዬ አየሁት። ለካ አባዬ አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎታል። የቴሌቪዥኑን ሪሞት እስካሁን ከነላስቲኩ የምንነካ ሰዎች ነን፤ ምን ይገርማል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ላስቲኩን ስገፍፈው ብዙም ሳይቆይ ቀይ በራ።

አባዬን ጠራሁት። መስኮት የሚከፍት መስሎኝ ነበር። ቆሞ አየውና ቀስ ብሎ፣ "አበላሸሽው። ልጁ ስንት የለፋበትን" አለኝ። ነቀለና ወደ ግቢ ይዞት ወጣ። ንፁህ አየር ላይ አረንጓዴ እስኪሆን እየሳለ ጠበቀው። ከዚያ ላስቲኩን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ አለበሰው፣ መልሶም ምሰሶው ላይ ለጠፈው።

"እንዳትነግሪው" አለኝ። "ሰው አገር ላይ ልጄ አይፈር።"

ከእሱ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶኛል። ሞትን አይፈራም፤ የሚፈራው ያንተን መውደቅ ነው። ቀይ ሲያይ ሥራህ የከሸፈ ይመስለዋል። እኔ ብነግረው አያምነኝም። ስለዚህ ይህን እንዳነበብክ ለራሱ ደውልለት፦ "አባዬ፣ ቀይ ሲበራ ነው ልጅህ የተሳካለት" በለው። ካንተ አፍ ይስማውና እየኮራ ከዚያ ዶሮ ቤት ይውጣልኝ።

ደክሟትም የምትወድህ
እህትህ ሊሊ