የተከራየሁት ስም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃውን እየረገምሽ ነው የምትወጪው? እኔ እግሬ ከማበጡና ትዕግሥቴ ከማለቁ በቀር ደህና ነኝ።

«የራስሽ ዳቦ ቤት ነው፣ ማን ያዝሻል?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ማን የማያዘኝ አለ! ፍራንቻይዝ የሚሉት እንዲህ ነው፦ የታወቀ ኩባንያ ስሙን ያከራይሻል፣ አሠራሩን ያሠለጥንሻል፣ አንቺ ደግሞ ከሽያጭሽ በየወሩ ታካፍይዋለሽ። አማችሽ «ስሙ ራሱ ይሸጣል፣ እኛ ቁጭ ብለን እንበላለን» ሲለኝ አምኜ ፈረምኩ። እሱ እንዳለው ቁጭ አለ። ዱቄቱ ከእነሱ፣ የግድግዳው ቀለም ከእነሱ፤ ወገብ መቆረጡ ከእኔ።

አልዋሽሽም፣ ስማቸው ገበያ ይጠራል። ምድጃው ሲበላሽም ወዲያው ሠራተኛ ልከውልኛል። ግን ሰላምታዬን እንኳ ጽፈው ሰጡኝ እኮ! ለገባው ሁሉ ጥርሴን እያሳየሁ «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነው፣ እንኳን መጡ!» ማለት አለብኝ።

በቀደም ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ ሊገዛ መጣ። እንደ ልማዱ ሁለት አዘዘ፤ ከዚያ «ለካ አንድ ይበቃል» አለና ፊቱን አዞረ። ለዚህ ሰው የምን ደስ የሚል ቀን? ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰልፈኛው ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀን። ለካ ከመካከላቸው አንዱ ገዢ መስሎ የተላከ የኩባንያው ሰው ኖሯል!

በሳምንቱ ተቆጣጣሪው ከች አለ። ሰላምታውን በመዝለሌ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠኝ፣ ከደገምኩ ውሉ እንደሚፈርስ፣ ደንቡ ለሁሉም እኩል እንደሆነ ነገረኝ። ደሜ ፈላ። «ጌታዬ፣ እርስዎስ ሐዘን ላይ ቢሆኑ እንዲህ ልበልዎት?» አልኩት።

 ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቱን በቀበረ ማግስት ሥራ መግባቱን፣ በዞረበት ሱቅ ሁሉ ይችኑ ሰላምታ እየሰማ መዋሉን አጫወተኝ። ማስጠንቀቂያውን ሳይሰጠኝ ሄደ። ቆይቶም ከዋናው ቢሮ «ሰላምታው እንደ ሁኔታው ይሁን» የሚል መመሪያ መጣ። ደስታዬን ሳልጨርስ «ሽርጡን ሁሉ ቀይሪ» የሚል ተከተለ። እነዚህ ሰዎች ሳያሳብዱኝ አይቀሩም!

ቢሆንም ሥራውን አልተውም። ደንበኞቼ «ባለቤትሽስ?» እያሉ ይጠይቁኛል። «የዳቦ ቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ» ብዬ ዳቦዬን እጠቀልላለሁ። አንቺም ስትመጪ ወደ አማችሽ ቤት እንዳትሄጂ፤ እኔ ከዚያ ወጥቻለሁ፤ ቀጥታ ወደ ሱቁ ነይ። ከላይ ያለችውን ክፍል አጽድቻታለሁ፤ አልጋው ለሁለታችን ይበቃል።

ዕድሜሽን ከጤና ጋር ያብዛልኝ፤ ምርቃትሽ አይለየኝ።

የመጨረሻ ልጅሽ