ለአንድ ፎቶ የዞረ ጥለት

ውድ እማዬ፣

ስልኩን ጆሮሽ ላይ የዘጋሁት ተቆጥቼ አይደለም፤ አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። 

በሰው የላክሽልኝን የክርስትናዬን ስላይድ፣ ያንን በካርቶን የታቀፈ የፊልም ቁራጭ፣ ዛሬ ጠዋት እዚህ በሰው አገር፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር በምሠራበት ፎቶ ቤት ስካን አደረግኩት። ያ ጎረቤታችን የነበረው ህንዳዊ መምህር ያነሳው። በአርባ ሰባት ዓመት ቀለሙ ሁሉ ሸሽቶ ቀዩ ብቻ ቀርቷል። አለቃዬ ማስረሻ አጮልቆ አየና «እናትሽን ድልህ ውስጥ ነክረው ነው እንዴ ያነሷቸው?» ብሎ አሳቀኝ።

ይህን ሥራ ከስልክ ቪዲዮ ነው የለቃቀምኩት። የነጠላሽን ነጭ መነሻ አድርጌ ቀዩን ቀነስኩ፤ የጠፋውን ሰማያዊና አረንጓዴ ጥቂት በጥቂት መለስኩ። መጀመሪያ የዛፉ ቅጠል መጣ። ቀጥሎ እኔ የተጠቀለልኩበት ጨርቅ። ከዚያ፣ ባዶ ይመስል በነበረው ነጠላሽ ላይ አረንጓዴ ጥለት ብቅ አለ።

ከጎረቤት ሻይ ቤት ሻይ ይዛልን የገባችው ዝማሬ ትሪዋን እንደያዘች ቆመች።

«ውይ! ማን ሞቶባቸው ነው? ጥለቱን አንገታቸው ላይ አዙረውታል'ኮ! በክርስትና ቀን የሐዘን አለባበስ?»

ማስረሻ ሳቁን ዋጠ። «ማሌሽ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ የዚህ አገር ሰው ሲያጽናና እንደሚለው።

ደወልኩልሽ።

«ቀለሙ መጣልሽ?» አልሽኝ።

«መጣ።»

 «ጥለቱስ?» አልሽ።

እማዬ! ለካ እንዳየው ነው የላክሽልኝ።

«አባትሽ በዕውቀቱ ጥሎን አልሄደም» አልሽ። «በተወለድሽ በሦስተኛው ሳምንት ወስደው ገደሉት። ያኔ መንግሥት ለገደለው ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር። ህንዱ አያውቅብኝም ብዬ፣ ፎቶው እስኪነሳ ብቻ ጥለቱን ወደ ላይ አዞርኩት። ሐዘኔ እሷው ናት።»

«እስከ ዛሬስ ለምን?»

«መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ አፈርኩ።»

በአሥራ ሁለት ዓመቴ «የከዳን ሰው ስም አልጠራም» ብዬ በአያቴ በይልማ ስም ስመዘገብ አጠገቤ ነበርሽ። መሬት መሬቱን ታዪ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግም የኖርኩት ሬሳ ነው? ያውም ያልተለቀሰለት?

ፎቶውን አሳትሜ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ነጠላሽን አውጪና ጠብቂኝ። ጥለቱን አዙረን፣ በራችንን ከፍተን፣ ጎረቤት እየሰማ እናለቅስለታለን።

ልጅሽ
አምለሰት በዕውቀቱ