እርስዎ ይቅደሙ፣ አንቺ ቅደሚ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለው? ባለቤትህ ደህና ናት? ሁለት ልጅ ወልዳም እኛ ዘንድ ስሟ አሁንም «ሙሽሪት» ነው፤ እንዳትቀየመን። የልጆቹ ጥርስ ወልቆ በቀለ ወይስ ገና ድዳቸውን እያሳዩ ይስቃሉ? እኛ ያው እንደምታውቀን ነን፤ ከሞቱት በላይ፣ ካሉት በታች። ተመስገን ብለን እናድራለን።

ስልክ እያለ ምን ወረቀት አስነሳት እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ መዋሸት ለምደናል፣ ወንድሜ። ስትደውል ድምፁን ከፍ አድርገን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ሁሉም ይሰማል፣ ሁሉም ይስቃል። አባባ «እኔ ደህና ነኝ፣ ለእህትህ ነው የሚያስፈልገው» ይሉሃል። እኔ ደግሞ «ኧረ ለአባባ ነው» እላለሁ። እማዬ ቀበል አድርጋ እዚያ ዝናብ አለ ወይ ብላ ትጠይቅሃለች። አንተም «ተመካከሩና ለማን እንደሆነ ንገሩኝ፣ እመጣለሁ» ብለህ ትዘጋለህ። እውነቱን ልንገርህ፤ አንድም ቀን አልተመካከርንም። ኩላሊትህ ለእኔም ለአባባም እንደሚሆን በምርመራ ከተነገረን ጀምሮ እዚህ ቤት እንደ ከባድ እንግዳ ተቀምጧል። ሁላችንም በጎኑ እናልፋለን፣ ማንም ስሙን አይጠራም።

ሐኪሙ በሽታው የዘር ነው ካለ ወዲህ አባባ ዐይኔን አያዩኝም። አንተን ዘሎህ እኔን መያዙ የሳቸው ጥፋት ይመስል። አንድ ቀን «የአባት ዕዳ ለልጅ» ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ፤ አልሳቁም፤ ተነሥተው ወጡ። ያን ሁሉ ዘመን አውቶቡስ ሲነዱ ተሳፋሪውን ሁሉ ሲያስቁ የኖሩ ሰውዬ!

ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። «ለአባትሽ ብንተክለው ከስቃያቸው ይወጣሉ፤ ግን ልባቸው ደክሟል፣ ብዙ ላይሄዱበት ይችላሉ። ላንቺ ብንተክለው ለረጅም ዓመት ያገለግልሻል። ነገር ግን አንቺ በኩላሊት እጥበቱ ገና መቆየት ትችያለሽ፣ እሳቸው ግን ብዙ የሚቆዩ አይመስለኝም» አለኝ። እንግዲያው ለማን ይገባል ስለው፣ «እሱ የኔ ሙያ አይደለም፤ ኩላሊቱ የሰጪው ነው» ብሎ ሌላ ሕመምተኛ ጠራ። ሰጪው ደግሞ አንተ ነህ፤ አንተም ወደኛ መልሰኸዋል።

አጎታችን መጥተው ነበር። የመጡት ሊጠይቁን ነው፤ የተቀመጡት ግን ሊፈርዱ ነው። «ልጅ ይወለዳል፤ አባት ግን አይወለድም። ወላጅ ይቀድማል፣ አለቀ!» አሉ። እኔ ሻይ እየቀዳሁላቸው ነበር። ዳግመኛ የሚወለደው እኔ አይደለሁማ ልል ፈልጌ ይሉኝታ ያዘኝ። እማዬን ጓዳ ገብቼ ስጠይቃት ሩዝ ትለቅም ነበር። «ከሁለቱ ዐይኖቼ የቱን ላውጣ?» አለችኝና መልቀሟን ቀጠለች። ትንሽ ቆይታ የተለቀመውን ካልተለቀመው ጋር ደባለቀችው፤ አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝን ነገር ልንገርህ። እኔና አባባ የምንታጠበው በአንድ ቀን ነው፤ እማዬ ሁለት ጊዜ እንዳትመላለስ ለምነን ያስተካከልነው ነው። ባለፈው ሳምንት ስንሄድ ማሽኖቹ ተበላሽተው ለሁለታችን የተረፈው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ሲስተሯ «አንዳችሁ አሁን ግቡ፣ ሌላው ነገ ይመጣል» አለችን። አባባ በሩ ላይ ቆመው «አንቺ ቅደሚ» አሉኝ። «እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ። «ሹፌር ተሳፋሪው ሳይወርድ አይወርድም» አሉ። «እኔ ነኝ ተሳፋሪዋ፣ አልወርድም» አልኩ። ብርታቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ክንዳቸውን ይዤ ወደ ውስጥ ገፋኋቸው፤ እሳቸውም እኔን ገፉ። በመጨረሻ እንደ ልማዳቸው «እኔ ልሙት፣ ግቢ!» አሉ። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሲስተሯ ትዕግሥቷ አለቀና «እናንተ እስክትገባበዙ ሕመምተኛ አይጠብቅም» ብላ ከኋላችን የቆመውን ሰው አስገባችው። እኛ ተያይዘን ወደ ቤት ተመለስን። ማሽኖቹ በማግሥቱም አልተሠሩም፣ ከዚያ ወዲያም ሳይሠሩ ቆዩ። የኔ እግር አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። አባባ ትንፋሽ አጥሯቸው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ይህን በስልክ አልነገርንህም፤ «ትንሽ ጉንፋን ይዟቸዋል» ያልንህ ያን ጊዜ ነው። ተርፈዋል፣ አትደንግጥ። ግን ደረጃውን ሲወጡ አሁን በየመካከሉ ቆመው ግድግዳውን የሚያደንቁ ይመስላሉ።

በእኛ ፈንታ የገባው ሰውዬ አናጺ ነው፤ ዘመድ የለውም። ስሙ ከሞተ ሰው የሚገኝ ኩላሊት በሚጠበቅበት ወረፋ ውስጥ አለ፤ ላም አለኝ በሰማይ በለው። ማሽኖቹ ከተሠሩ በኋላ ጎን ለጎን ስንታጠብ ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ ተቆጣኝ። «እናንተ የምትጣሉት የጥጋብ ጠብ ነው» አለኝ። «እኔ የሚሰጠኝ ባገኝ በር ላይ ቆሜ አልግደረደርም። ስትግደረደሩ ምግቡ ይቀዘቅዛል።» ለእሱስ ቢሰጠው ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ ከማናችንም ይልቅ ሰው የሌለው እሱ ነው። ወዲያው ግን ሐሳቡን ተውኩት። ያን ያህል ደግ አይደለሁም።

ስለዚህ አልግደረደርም፣ ወንድሜ። ኩላሊቱን እኔ እፈልገዋለሁ። ለኔ ስጠኝ።

ይኸው ወጣልኝ። ሰዎች «ልጅ አለሽ እኮ» እያሉ ምክንያት ሊሰጡኝ ይሞክራሉ። ልጄን ምክንያት አላደርጋትም፤ ባልወልዳትም እፈልገው ነበር። ውሃ ጠግቤ መጠጣት እፈልጋለሁ፤ ለጥሜ በረዶ መምጠጥ ሰልችቶኛል። ከእጥበት በተመለስኩ ቁጥር የስፌት ማሽኔ ላይ ተደፍቼ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ አገኘዋለሁ፤ መተርተር ሰልችቶኛል። ደክሞኛል። አባባን እወዳቸዋለሁ፤ ከሳቸው ቀድሜ መዳንም እፈልጋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋልኝም። ትክክል ነኝ ብዬ አልከራከርህም። እኔና አባባ ስንከባበር ሁለታችንም እንዳንቀር ነው የፈራሁት።

አንተም ከፈራህ እምቢ ማለት ትችላለህ። አልቀየምህም ብልህ ውሸት ነው፤ እቀየምሃለሁ፣ በኋላ ግን ይበርድልኛል። ሰውነቱ ያንተ ነው።

ሙሽሪትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ከሷ ጋር ሳትነጋገር ምንም እንዳትወስን። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ፣ ትንሹን ሁለቴ። እማዬ ሰላም ብላሃለች፤ ሳትበላ እንዳትውል ብላለች። ልጄ «አጎቴ ሲመጣ ከኔ ጋር ይተኛል» ብላ አልጋዋን አንጥፋ ጨርሳለች። አጎታችንም ሰላም ይሉሃል፤ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉኝ እንጃ።

እህትህ
ከቤታችን፣ ከስፌት ማሽኔ ላይ
ሚያዝያ ፱ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ላሽገው ስል እጄ እምቢ አለኝ። አባባን ከጀርባቸው የሰረቅኋቸው መሰለኝ። ስለዚህ ወስጄ ሰጠኋቸው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሲጨርሱ ከስንት ጊዜ በኋላ ዐይኔን አዩኝና «እሰይ፣ ቀደምሽ» አሉኝ። እስክሪብቶውን ተቀብለውኝ ከዚህ በታች ያለውን በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ እንዳላይም ሸፈኑት። እኔ ግን አይቼዋለሁ።

«ልጄ ሆይ፣ እህትህ የጻፈችውን አንብቤዋለሁ። ለእሷ ስጥ። እኔም መኖር እፈልጋለሁ። ይህን የምነግርህ ሐሳብህን እንድትለውጥ አይደለም፤ በስልክ ደህና ነኝ እያልኩ ስለዋሸሁህ ነው። ስትመጣ ሹራብ ይዘህ ና፤ ሆስፒታሉ ይበርዳል። አባትህ።»