ሙሉ ታንክ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ፣ ጧት 1 ሰዓት፣ ባ/ዳር

የአውሮፕላኔ ታንክ እየተሞላ ነው። ቆሜ እጠብቃለሁ። የነዳጁ ሽታ ሰነፈጠኝ፣ ቁርስ አልበላሁም፣ ከማንም ጋር መነጋገር አላማረኝም። አንተ ደብተር፣ ዛሬ እንዳትጨቀጭቀኝ።

የመ/ቤቱ ትእዛዝ ግልጽ ነው። ለመንገዱና ለመጠባበቂያ የሚበቃ ብቻ ቅዳ፤ የቀረውን ወረታ ሜዳ ላይ ካለው ከራሳችን በርሜል ውሰድ። እኔ ግን እዚህ እስከ አፉ አስሞላለሁ። ነዳጅ ሻጩ ድርጅት ለአብራሪ ነጥብ ይሰጣላ! ለመ/ቤቱ አይደለም፤ ለእኔ፣ በስሜ። ብዙ በቀዳሁ ቁጥር ነጥቡ ይከመራል። ባለፈው የቆዳ ጃኬት ወሰድኩ። አሁን ፍሪጅ ሊደርሰኝ ነው። ለእናቴ። ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ቢንያም፣ ሻጩ፣ ይስቃል። የማይወስድ አብራሪ የለም ይለኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ትከሻዬን መታኝ። የሚከፍለው መ/ቤቱ፣ የሚሸለመው እኔ። ጉቦ ነው እንዳትለኝ። ማን ተጎዳ? ማንም።

ሞላ። ሄድኩ።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት፣ ወረታ

ግሪሳ ወፍ የፎገራን ሩዝ ሊጨርሰው ነው። ከላይ መድኃኒት ረጨሁ። ዝቅ ብዬ፣ ሸምበቆውን ልነካ ስል ቀና እያልኩ። መሬት ላይ እየተንፈራገጡ ሲያልቁ አየሁ። ደስ ይለኛል። ለሰው የማልናገረውን ነው የምነግርህ፤ ደስ ይለኛል።

ጧት ሳርፍ ግን ትንሽ ነገር ሆነች። የምናርፍበት ሜዳ ሣር ነው። መሐሉ ላይ፣ በጎን በኩል፣ ኖራ የተቀባ ድንጋይ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ከድንጋዩ አልፌ አላውቅም። ለሜዳው ዘበኛ ለአያ አያሌውም ይህንኑ ነግሬአቸዋለሁ፦ ከድንጋዩ ወዲያ ያለው ሣር አይጠቅመኝም፣ የሰው ከብት ቢግጠው ግድ የለኝም። ሐይቁ ሞልቶ ግጦሹን ሲውጠው ገበሬው መግቢያ ያጣል። እሳቸውም ቃሌን ይዘው ለጎረቤቶቻቸው ፈቀዱ።

ዛሬ አለፍኩ። በጥቂት እርምጃ። ዛሬም ከባ/ዳር ያስሞላሁት ሙሉ ታንክ፣ ሙሉ መድኃኒት፣ እርጥብ መሬት። አያ አያሌው ሮጠው መጡ። ምነው ካፒቴን፣ ዛሬ ከበደዎት እንዴ አሉኝ። ሳቅሁባቸው። በልቼ መጥቼ ነው አልኩ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ሰው ገደልኩ።

ቀስ እያልኩ ልጻፍ።

ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አደረ። ጥቁሩ አፈር ሊጥ ሆኗል። ከባ/ዳር ስነሣ ታንኩ ሙሉ ነበር። አውቃለሁ። ራሴ ነኝ ሙላው ያልኩት፤ ያቺ የመጨረሻዋ ሙሌት ፍሪጁን ታመጣ ነበር። መሬት ነካሁ። ፍሬን ረገጥኩ። አልቆመም። ደግሜ ረገጥኩ። ነጩ ድንጋይ በግራዬ አለፈ። ከፊቴ ላም። ከላሟ አጠገብ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ የታሰረችበትን ገመድ ይፈታል። ጮህኩ፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ መጮህ ምን ይጠቅማል? ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። መሸሽ ይችል ነበር። ላሟን ጎተተ።

ፕሮፔለሩ ሁለቱንም አገኛቸው። መስተዋቱ በደም ተሸፈነ። ሞተሩ ሲጠፋ የላሟ ጩኸት ብቻ ቀረ። በጉልበቴ እየዳህኩ ወረድኩ። ሰውየው ሙላት ነው። የሩዝ ገበሬ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ባየኝ ቁጥር ባርኔጣውን የሚያነሣልኝ። ከወገቡ በላይ… አልጽፈውም። አያ አያሌው ጋቢያቸውን አውልቀው ሸፈኑት። ከዚያ ቢላዋ አውጥተው የላሟን ስቃይ ጨረሱላት።

ፖሊስ መጣ። ምን ሆነ? መሬቱ ከዳኝ አልኩ። ከብት እዚያ መሆን አልነበረበትም አልኩ። ስለ ነዳጁ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

ወይ ነዶ!

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ ከቀብር መልስ

ታደለ፣ የሙላት ታናሽ ወንድም፣ መቃብሩ አፍ ላይ ቆሞ ጠየቀ። ወንድሜን እዚያ ሣር ላይ አትፍራ ያለው ማነው? አያ አያሌው ከኋላ እጃቸውን አነሡ። እኔ ነኝ አሉ። ማን እንደነገራቸው ግን አልተናገሩም። ወደ እኔም አላዩም።

ከደጀ ሰላሙ እንደወጣን ታደለ ዱላውን አነሣ። አያ አያሌው ክንዳቸውን ቢያነሡ ክንዳቸውን አገኘው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ወደቁ። ታደለ እግሩን አንሥቶ ጎናቸውን፣ ጎናቸውን፣ ጎናቸውን። አራት ሰው ጎትቶ አላቀቀው። የወንድሜ ደም ደመ ከልብ ሆኖ አይቀርም፣ የአያሌውን ደም ሳላፈስ አርባው አይወጣም ብሎ ማለ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ቆሜ ጠበቅሁት። ይምታኝ ብዬ። አቅፎ ትከሻዬን ሳመኝ። ብረት ምን ያውቃል፣ አንተንስ እግዜር ነው ያተረፈህ አለኝ። እንባው አንገቴ ላይ ወረደ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለኝም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

የአያ አያሌው የሩዝ ክምር በጠራራ ፀሐይ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር የለም። ሚስታቸው ወ/ሮ ጥሩዬ በቅጠል እየመታች ልታጠፋ ስትሞክር እጇ ተላጠ።

ጭሱን እያየሁ ስልኬ ጮኸ። ቢንያም። እንኳን ደስ ያለህ፣ ነጥቡ ሞልቷል፣ ፍሪጁን ና ውሰድ አለኝ። በመኪና ስነዳ ሐሙሲት ከተማን እንዴት እንዳለፍኳት አላውቅም። ባ/ዳር ገባሁ። ፍሪጁ ቀይ ሪባን ታስሮለታል። ቢንያም እጁን ዘርግቶ መጣ። በቡጢ አፉን አልኩት። ሲወድቅ ከላዩ ላይ ሆኜ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። ሰው ገደልክ፣ ሰው አስገደልክ እያልኩ። ጥርሱን ከደም ጋር ተፋው። ከዚያ አንዲት ነገር ጠየቀኝ። በግድ አስሞላሁህ?

አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አለቀሰ። የተመታው ግን እሱ ነው፣ መመታት የነበረበት እኔ። ፍሪጁን እዚያው ትቼ መጣሁ። ለእናቴ ውሸት ነግሬአታለሁ። ሌላ ውሸት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጉድ ስማ።

ሽማግሌዎች ለእሑድ እርቅ ቆርጠዋል። የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ገሠሠ ናቸው ነገሩን የያዙት። አያ አያሌው ድንጋይ ተሸክመው ታደለ እግር ላይ ይወድቃሉ፤ ሙላትን የገደለው ምላሴ ነው ይላሉ። ታደለ ይምራል፣ ወይም አይምርም። ጥፋቴን አላምንም ያለ ሰው ግን እርቅ የለውም፣ ጥይት ነው የሚጠብቀው። ለእርቁ ዋስ ያስፈልጋል። ሁለቱም ወገን የሚያምነው፣ የተማረ፣ የአገር ልጅ። ወ/ሮ ጥሩዬ በተላጠ እጇ እግሬን ልትስም ጎንበስ አለች። ዋስ ሁነን አለችኝ።

እሺ አልኩ። አፈር ልብላ! እሺ አልኩ።

ከዚያ አያ አያሌውን ልጠይቅ ሄድኩ። መደብ ላይ ተኝተዋል። ወጌሻ ክንዳቸውን በቀርከሃ አስሮታል። ለምን የኔን ስም አልጠሩም አልኳቸው። ከድንጋዩ አላልፍም ያልኩዎት እኔ አይደለሁም? ራሳቸውን ነቀነቁ። እርስዎማ ሁለት ዓመት ቃልዎን ጠብቀዋል አሉኝ። ማክሰኞ ለት ሲያልፉ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ለሙላት መንገር ነበረብኝ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሐሙስ ደረሰ። ጥፋቱ የኔው ነው ካፒቴን፣ እርስዎ አይጨነቁ አሉኝ።

እኚህ ሰው የምራቸውን ነው! እውነት ገዳይ ነኝ ብለው አምነዋል። አልጋ የላቸው፣ ክምራቸው ዐመድ፣ ጎናቸው ተሰብሮ፣ ለእኔ ያዝናሉ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

አልበላም፣ አልተኛም። እናቴን ተቆጣኋት፣ ብርጭቆ ግድግዳ ላይ ወርውሬ ሰበርኩ። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች።

አስቤ ነበር። እርቁ ቢያልፍ፣ ታደለ ቢምር፣ ሁሉ ነገር በሰላም ያልቃል። አያ አያሌውን በድብቅ እረዳለሁ። ማንም አያውቅም። ይህን ሐሳብ ሁለት ቀን ሙሉ አጥቤ አጥቤ ላነጣው ሞከርኩ። አልነጣም። ታደለ ባይምርስ? የአያ አያሌው ንጹሕ ደም ይፈሳል፣ እኔ ዋስ ሆኜ ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ፣ ጧት 3 ሰዓት

መኪና ውስጥ ነኝ፣ እርቁ ከሚደረግበት ዋርካ ማዶ። ሰዉ ተሰብስቧል።

ሌሊት ለመ/ቤቱ ጽፌ ላክሁ። ነዳጁን ለሽልማቱ ብዬ ከልክ በላይ እንደሞላሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ። ፍሬኑም አፈሩም ሳይሆን ክብደቱ እንደሆነ። ፖሊስ ጣቢያም ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ አንድ ፖሊስ ከኋላዬ በሞተር ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ለታደለ ተናግረህ ና ብለውኛል። ከእንግዲህ አልበርም። ግድ የለም።

አያ አያሌው መጡ። ድንጋዩ አንገታቸው ላይ ነው፣ በደህናው እጃቸው ብቻ ደግፈውታል። ጥሩዬ ከኋላ። ታደለ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። እናቴ ከሴቶቹ መሐል ናት፤ ልጄ ዋስ ሆነ ብላ የክት ቀሚሷን ለብሳ ነው የመጣችው።

ዋስ ሆኜ አልቀመጥም። ድንጋዩን ከሳቸው ላይ አንሥቼ እኔ እሸከመዋለሁ። ለታደለ የምለውን ሌሊቱን ስለማመደው አደርኩ፤ አሁን የቀረኝ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ናት። ወንድምህን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ለፍሪጅ ብዬ።

አባ ገሠሠ ስሜን ጠሩ። ታደለ አየኝ። ጠመንጃውን ወደ ግራው አዙሮ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። እጁን እያወዛወዘ ና ወንድሜ፣ ና እዚህ ይለኛል። አንተን ዘግቼ ልወርድ ነው።